ዛማሌክና የዓባይ ሙላት፦ ከድንጋይ ዓምድ እስከ ሳተላይት

ናይል ካይሮ መሀል ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ አንድ ረዘም ያለ ደሴት ያቅፋል። የደሴቱ ሰሜናዊ ክፍል ዛማሌክ ነው፤ ኤምባሲዎች፣ የቆዩ ቪላዎችና ትልልቅ ዛፎች የሞሉበት ሰፈር። እኛ ዘንድ ስሙ የሚታወቀው በእግር ኳስ ነው። የዛማሌክ ክለብ ግን ዛሬ የሚገኘው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ደሴቱ ላይ ያለው ተቀናቃኙ አል አህሊ ነው። ለእኛ ከኳሱ ይልቅ የሚቀርበን የደሴቱ አፈር ነው። ግብፅ ይደርስ የነበረው ደለል ከሞላ ጎደል ሁሉም ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይና በተከዜ ታጥቦ የወረደ ነው፤ ታላቁ የአስዋን ግድብ ከመሠራቱ በፊት በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ይወርድ ነበር። ዛማሌክ የቆመው በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በወለጋ አፈር ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያን አፈር ያመጣው ሙላት ለግብፅ እንጀራም መቅሠፍትም ነበር። ሲያንስ ረሃብ ነው፤ ሲበዛ መንደር ይወስዳል። ብዙዎቻችን ከዚህ ታሪክ ቁርጥራጩን እናውቃለን፦ የአስዋንን ግድብ፣ የ1902ን ውል፣ የህዳሴ ግድብን ክርክር። ሁሉም የተወለዱት ግን ካይሮ በየክረምቱ ከጠየቀችው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ዘንድሮ ውኃው ምን ያህል ይመጣል? በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

861–1202፦ ዐሥራ ስድስት ክንድ

ከዛማሌክ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ሮዳ የሚባል ሌላ ደሴት አለ። በ861 የአባሲዱ ኸሊፋ አል-ሙተወኪል እዚያ ሚቅያስ የሚሉትን የውኃ መለኪያ አሠራ። መሬት ውስጥ ጠልቆ የተቆፈረ፣ በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ ነው፤ ከወንዙ ጋር በውስጥ ለውስጥ ቦዮች ይገናኛል፤ መሀሉ ላይ ባለ ስምንት ማዕዘን የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል፤ ዓምዱ በክንድ በክንድ ተከፍሏል። ውኃው በቦዩ ገብቶ ዓምዱን ሲወጣ ሹሙ ያነባል፤ አዋጅ ነጋሪዎችም በከተማው እየዞሩ የዕለቱን ጭማሪ ይናገራሉ።

ቁርጡ ቁጥር 16 ክንድ ነበር። ውኃው እዚያ ሲደርስ የካይሮ ቦይ አፉ በታላቅ በዓል ይከፈታል፤ የመሬት ግብርም ይጸናል። ከዚያ በታች ከቀረ መንግሥት ግብሩን ያጣል፤ ነጋዴው እህሉን ይደብቃል፤ ድሃው ይራባል። ስለዚህ ዓምዱ የአደጋ ማስጠንቀቂያም የግብር መዝገብም ነበር። የሮዳ ልኬቶች ከቀደሙት መዝገቦች ጋር ተያይዘው ከ622 ጀምሮ ይቆጠራሉ፤ በዓለም ላይ ያን ያህል ዘመን የተጻፈ የወንዝ መዝገብ አይገኝም ማለት ይቻላል።

ዓምዱ ግን የሚናገረው ውኃው ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ነው። ከ1060ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፋቲሚዱ ኸሊፋ አል-ሙስተንሲር ዘመን ሰባት ዓመት ገደማ የዘለቀ ረሃብ ግብፅን አራቆተ። በ1200 እና 1201 ደግሞ ሙላቱ በተከታታይ ጎደለ፤ በዚያን ጊዜ ካይሮ የነበረው ሐኪም አብዱለጢፍ አል-ባግዳዲ ሰው ሰው እስከ መብላት መድረሱን ጽፎ ትቷል። ሰው ምክንያቱን ወደ ላይ፣ ወደ እኛ አገር እየተመለከተ ይፈልግ ነበር። የ13ኛው መቶ ዘመን ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ አል-መኪን እንደሚተርከው፣ በሙስተንሲር ዘመን የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሚካኤል ወደ ሐበሻ ንጉሥ ተልኮ ውኃውን እንዲለቅ ለምኖታል። የእኛም ትውፊት ቅዱስ ላሊበላና ዐፄ ዳዊት ዓባይን ሊያስቀሩ እንደዛቱ ይናገራል። በእጅ የሚገደብ ዓባይ በዚያን ዘመን አልነበረም። እምነቱ ግን የሁለቱን አገር ዲፕሎማሲ ለብዙ መቶ ዓመታት መርቷል።

የግብፅ ክርስቲያኖች ሙላቱ የሚጀምረው በወርኀ ባውና 12፣ በሊቀ መላእክት ሚካኤል በዓል ዋዜማ ሌሊት፣ አንዲት ጠብታ ከሰማይ ወንዙ ላይ ስትወድቅ ነው ይሉ ነበር። ያ ቀን የእኛው ሰኔ ሚካኤል ነው፤ የወሩም የቀኑም ቁጥር አንድ ነው። የጎጃም ገበሬ ክረምቱ ገባ ብሎ ሞፈርና ቀንበሩን የሚያሰናዳበት ሰሞን መሆኑን ሳስብ፣ ካይሮ ያለ ሳተላይትም የክረምቱን መግቢያ በትክክል ታውቅ እንደነበር ይገባኛል። የማታውቀው መጠኑን ነበር።

1300ዎቹ–1784፦ ደሴቱና የሩቁ እሳት

በመካከለኛው ዘመን ናይል ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ ሸሸ። የወንዝ አልጋ የነበረው ቡላቅ የብስ ሆኖ ወደብ ተቆረቆረበት፤ ከፊቱም የደለል ደሴቶች ብቅ አሉ። ዛሬ ዛማሌክ ያለበት ደሴት እንዲህ እየተጠራቀመ ነው ምድር የሆነው። በሙላት ዝቅተኛው ክፍል በውኃ ይዋጣል፤ በበጋ ገበሬ አትክልት ይዘራበታል፤ የድንጋይ ቤት የሚያቆምበት ግን አልነበረም።

ሰኔ 1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ለወራት የተፋው ድኝ ያዘለ ጭስ ሰሜናዊውን የምድር ክፍል ሸፍኖ አቀዘቀዘ። ወደ ሳሕልና ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የሚገባው የክረምት ነፋስ የሚጎተተው በየብሱና በውቅያኖሱ የሙቀት ልዩነት ነውና፣ ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ ዝናቡ ደከመ። በ1783 እና በ1784 ናይል ሳይሞላ ቀረ። ፈረንሳዊው ተጓዥ ቮልኔ በጊዜው ግብፅ ነበርና የካይሮን ረሃብ አይቶ ጽፏል። እኛ ዘንድ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ የደጋው ገበሬ ዝናቡ ለምን እንደራቀው የሚነግረው አልነበረም። ምክንያቱን የአየር ንብረት ሊቃውንት በኮምፒውተር ስሌት ያረጋገጡት በ2006 ነው፤ 220 ዓመት ያህል ዘግይቶ።

1863–1879፦ ቤተ መንግሥቱና ሁለቱ ክፉ ዓመታት

ኬዲቭ ኢስማኢል በ1863 ሥልጣን ሲይዝ ካይሮን ፓሪስ ሊያደርጋት ፈለገ። የደሴቱ ዳርቻ ተጠናከረ፤ መሬቱ ተደለደለ፤ መናፈሻ ተተከለበት። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲመረቅ የፈረንሳይዋ እቴጌ ኤውዤኒ ያረፈችው ለዚሁ በደሴቱ ላይ በተሠራው የገዚራ ቤተ መንግሥት ነው፤ ሕንፃው ዛሬ የማሪዮት ሆቴል አካል ነው። በ1872 የቀስር አል-ኒል ድልድይ ደሴቱን ከከተማው ጋር አገናኘው። የገበሬ ጎጆ የነበረበት የጎርፍ መሬት እንዲህ የመኳንንት ሰፈር ሆነ።

ኢስማኢል የወንዙን ምንጭም መያዝ ፈለገ። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ ጦሩ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ተደመሰሰ። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። የቀጠለው ግን ብዙም አይነገርም። በ1877 ሙላቱ በመቶ ዓመቱ ውስጥ ከታዩት ሁሉ ዝቅተኛ ከሆኑት አንዱ ሆነ፤ ላይኛው ግብፅ ተራበ። በ1878 ደግሞ በተቃራኒው እጅግ ከፍ ብሎ መጥቶ በዴልታው ዳርቻ ጥሶ መንደሮችን አጠለቀ። በዕዳ የተጨነቀ መንግሥት ግብር የሚሰበስብበት ማሳ አንድ ዓመት ደረቀ፣ በቀጣዩ ዓመት ሰጠመ። ኢስማኢል በ1879 ከሥልጣን ወረደ፤ በ1882 እንግሊዞች ገቡ። ለውድቀቱ ዕዳውና ጦርነቱ ሁልጊዜ ይጠቀሳሉ፤ እኔ ሦስተኛው ምክንያት ዝናብ ነው እላለሁ።

1888–1914፦ ክፉ ቀንና የ1902 ውል

በ1888 የከብት በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ዝናቡም ጠፋ። እስከ 1892 የዘለቀውን ክፉ ቀን ሽማግሌ እየነገረ አሳድጎናል። በዚያው በ1888 ናይል ካይሮ ላይ ዝቅ ብሎ መጣ። አንድ ድርቅ ነው፤ እኛ ዘንድ በሬሳ ተቆጠረ፣ እነሱ ዘንድ በክንድ።

እንግሊዞች ከዓምዱ ይልቅ ግድብ መረጡ። ዊልያም ዊልኮክስ ያቀደው የአስዋን ግድብ በ1898 ተጀምሮ በታኅሣሥ 1902 ተመረቀ። ደለል የያዘው የሙላት ውኃ እንዲያልፍ 180 በሮች ነበሩት፤ በሮቹ የሚዘጉት ሙላቱ ካለፈ በኋላ የጠራው ውኃ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ለበጋው መስኖ ውኃ አቆየ እንጂ ጎርፍን አላቆመም፤ ያጠረንም ዓመት አልሞላም። ስለዚህም በ1912 እና በ1933 ከፍ ተደረገ።

በዚያው በ1902፣ ግንቦት 15 ቀን፣ ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ የድንበር ውል ተፈራረሙ። አንቀጽ 3 በጣና፣ በዓባይና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ሱዳን መንግሥታት ስምምነት እንዳይሠራ የሚል ነበር። በ1902 መገባደጃ ዱፑይ የሚባል መሐንዲስ ጣናን እንዲያጠና ተላከ። ታች ግድብ፣ ላይ ውል፣ መሀል ቀያሽ፤ ሦስቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ናቸውና የታሪኩ መታጠፊያ ይኸው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ካይሮ የዓባይን ውኃ ከምንጩ ልትለካ ሰው መላክ ጀመረች፤ ላይ ያለው ሰው በውኃው ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ግን አልጠየቀችም።

በ1913 አስዋን የደረሰው የዓመቱ ውኃ ከአማካዩ ግማሽ ገደማ ብቻ ሆነ። በአንድ ዓመት ውኃ ላይ የተመሠረተ ግድብ ዋጋው እዚያ ላይ ታየ።

1906–1951፦ ሁርስት እና ሰባቱ ላሞች

ሃሮልድ ኤድዊን ሁርስት የሚባል እንግሊዛዊ በ1906 ካይሮ ገብቶ ከስልሳ ዓመት በላይ ናይልን አጠና። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ የጥጋብ ዓመት ውኃ ለረሃብ ዓመት እንዲተርፍ ምን ያህል የሚይዝ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል? ዓመታቱ እንደ ሳንቲም ውርወራ ዝም ብለው የሚፈራረቁ ቢሆን ስሌቱ ቀላል ነበር። ሁርስት የሮዳን መዝገብ ዘርግቶ፣ ሌሎችንም የወንዝ፣ የዝናብና የዛፍ ቀለበት መዝገቦች ጨምሮ ሲመረምር ግን ዓመታቱ ዝም ብለው አልተፈራረቁም። ድርቅ ድርቅን፣ ጥጋብ ጥጋብን ይስባል። ይህን መሳሳብ የሚለካው፣ በዕጣ ቢሆን 0.5 መሆን የነበረበት ቁጥር በተፈጥሮ መዝገብ 0.73 ገደማ ሆኖ አገኘው። ውጤቱ በ1951 ታተመ፤ ዛሬ በመላው ዓለም የሁርስት ቁጥር ተብሎ ይጠናል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የፈርዖንን ሰባት የሰቡና ሰባት የከሱ ላሞች ዮሴፍ ሲፈታ የተናገረው ይህንኑ ነው፤ የሂሳብ ሊቁ ማንደልብሮትም በኋላ ክስተቱን በዮሴፍ ስም ጠርቶታል። ለግድብ መሐንዲስ ግን ትርጉሙ ከባድ ነበር፦ ተከታታይ ድርቅ የሚችል ግድብ በጣም፣ በጣም ትልቅ መሆን አለበት።

ሁርስትና ጓደኞቹ ያ ማጠራቀሚያ ጣናንና የምድር ወገብ ሐይቆችን እንዲጨምር ሐሳብ አቀረቡ። ላይ ባለው ቀዝቃዛ አገር ትነቱ ያንሳልና ለውኃው ጥሩ ምክር ነበር። የፖለቲካው መንገድ ሌላ ሆነ።

1952–1971፦ ሙላቱ ቀረ

ግሪክ-ግብፃዊው መሐንዲስ አድሪያን ዳኒኖስ ግብፅ ውኃዋን ሁሉ በራሷ ምድር፣ አስዋን ላይ እንድትይዝ ሐሳብ ሲያቀርብ የሰማው አልነበረም። በ1952 ንጉሡን ያወረዱት መኮንኖች ግን ወዲያው ያዙት። ቁልፉ በሌላ አገር እጅ ያልሆነ ጎተራ ፈለጉ፤ ይህን ፍርሃት በቅንነት መረዳት ይቻላል። በሐምሌ 1956 አሜሪካ ለግድቡ ቃል የገባችውን ገንዘብ ከለከለች፤ የግብፁ መሪ ናስር የስዊዝን ቦይ ወረሰ፤ ገንዘቡና መሐንዲሱ ከሶቪየት ኅብረት መጣ። በ1959 ግብፅና ሱዳን 55.5 ለ18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ውኃውን ተካፈሉ። ከሰባ በመቶ በላይ፣ በክረምት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉንም የምትልከው ኢትዮጵያ አልተጠራችም። አሜሪካኖች በፊናቸው ከ1958 እስከ 1964 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ዓባይን አጥንተው የግድብ ቦታዎችን ለዩ። ከነዚያ አንዱ በሱዳን ድንበር አጠገብ ያለው ነው፤ የህዳሴ ግድብ የተሠራው በዚያው አካባቢ ነው።

በ1964 የናይል መንገድ ተቀይሮ ውኃው መጠራቀም ጀመረ። ካይሮ ሙላቱን በሙሉ መልኩ ያየችው ያን ዓመት ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ግድቡ በጥር 1971 ተመረቀ፦ 111 ሜትር ከፍታ፣ ከ160 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሚይዝ ሐይቅ። ዓምዱ ሥራ ፈታ፤ ደለሉ ሐይቁ ውስጥ ቀረ፤ የዴልታው ዳር በባሕር መበላት ያዘ። ደሴቱ ላይ 187 ሜትር የሚረዝመው የካይሮ ግንብ በ1961 ቆሞ ነበር፤ ዳርቻውን ጎርፍ እንደማይነካው ሲታወቅ ደግሞ በዛማሌክ ከቪላዎቹ ጎን ፎቆች ተደረደሩ።

1984–1992፦ ደመናን ከላይ ማንበብ

የ1977ቱን፣ በፈረንጅ 1984 የሆነውን ረሃብ የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ዓለም ኮረምን በቴሌቪዥን ባየበት ሰዓት፣ አስዋን ላይ ሐይቁ በጸጥታ ይወርድ ነበር። በ1988 ክረምት መግቢያ ተርባይኖቹ ከሚቆሙበት 147 ሜትር ጥቂት ሜትር ብቻ ቀርቶት ነበር። ሁርስት እንዳለው ድርቅ ድርቅን ስቧል። ግድቡ ግብፅን ከረሃብ አዳናት፤ ይህ ሐቅ ነው፤ ግን ለጥቂት አመለጠች። በዚያው ነሐሴ ዝናቡ ተመለሰ፤ ካርቱም በአንድ ሌሊት ሰጥማ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቤት አልባ ሲሆን፣ ሐይቁ መሙላት ጀመረ።

ድርቁና ጦርነቱ ሰውንም በወንዙ መንገድ አወረደ። ዛማሌክ ውስጥ ያለው የቅዱሳን ሁሉ ካቴድራል በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀመረው የስደተኞች አገልግሎት ሱዳናውያንን፣ ኢትዮጵያውያንንና ኤርትራውያንን ሲረዳ ኖሯል። አፈሩ በመጣበት መንገድ ባለ አፈሩም መጣ።

የ1988 ድንጋጤ በካይሮ የናይል ትንበያ ማዕከልን ወለደ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በግብፅ የውኃ ሚኒስቴር ሥር፣ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና በአሜሪካ ድጋፍ የተቋቋመ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የአውሮፓው ሜቴዎሳት ሳተላይት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ያለውን ደመና ሌትም ቀንም ይመለከታል። የደመናው ጫፍ በጣም የቀዘቀዘ ከሆነ ከፍ ብሎ የወጣ፣ ዝናብ ያዘለ ደመና ነው። ኮምፒውተሩ ቅዝቃዜውን ወደ ዝናብ፣ ዝናቡን ወደ ጎርፍ፣ ጎርፉን አስዋን ወደሚደርስበት ቀን ይቀይራል። ከ861 ጀምሮ ውኃን በደጃፏ ስትጠብቅ የኖረች ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚዘንበውን በዕለቱ አየች። ነገር ግን ሳተላይት ይገምታል እንጂ አይለካም፤ የሚያስተካክለው መሬት ላይ ያለው የዝናብ መለኪያ ነው፤ መለኪያው ያለው ደግሞ በኢትዮጵያ ነው።

ጥቅምት 12 ቀን 1992፦ አፈሩ ሲንቀጠቀጥ

ከቀኑ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ከካይሮ ደቡብ ምዕራብ ዳህሹር አጠገብ ምድር ተንቀጠቀጠ። ልኩ 5.8 ነበር፤ ለጃፓን ብዙም የማይጻፍለት። ካይሮ ላይ ግን ከ540 በላይ ሰው ሞተ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቆሰለ፤ ሄሊዮፖሊስ ላይ ባለ 14 ፎቅ ሕንፃ ተናደ፤ ተማሪ ቤቶች ውስጥ ልጆች በደረጃ ላይ ተረጋገጡ። ከቤቶቹ ድክመት ሌላ ምክንያቱ አፈሩ ነበር። ዐለት ላይ ፈጥኖ የሚያልፍ ሞገድ ለስላሳ ደለል ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንስና ስፋቱ ያድጋል፤ ሳህን ላይ ያለ ገንፎ ሳህኑ ሲነካ እንደሚርገበገብ። ለሺህ ዓመታት ያበላ ደለል ያን ቀን መናወጡን አበዛው።

ሄልዋን ላይ ከ1899 ጀምሮ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ ነበር። አንድ ቦታ ያለ መሣሪያ ግን የት እንደተነሣ በትክክል አይናገርም። ከአደጋው በኋላ ግብፅ በሄልዋን የሥነ ፈለክና ጂኦፊዚክስ ተቋም ሥር በመላ አገሪቱ የተዘረጋ የመመዝገቢያ መረብ አቋቋመች። መረቡም ትምህርቱም የመጣው ከሬሳ በኋላ ነው፤ በዚህ እኛም አንሻልም።

2011–2025፦ ሁለት ጎተራ፣ አንድ ወንዝ

ሚያዝያ 2011 ጉባ ላይ የህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። መጋቢት 2015 የኢትዮጵያ፣ የሱዳንና የግብፅ መሪዎች ካርቱም ላይ የመርሆዎች መግለጫ ፈረሙ፤ መረጃ መለዋወጥ ከመርሆዎቹ አንዱ ነበር። ሐምሌ 2020 የመጀመሪያው ሙሌት ተከናወነ። በዚያው ወር ዛማሌክ ውስጥ የሜትሮ ዋሻ በሚቆፈርበት አቅራቢያ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ መሬቱ ሰጥሞበት ነዋሪዎቹ በሌሊት ወጡ። የካይሮ ጋዜጦች ሁለቱን ዜናዎች በአንድ ሰሞን አወጡ፦ ላይ የተያዘው ውኃና ታች የከዳው ደለል።

ኅዳር 2022 ሻርም ኤል-ሼክ ላይ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ፣ የተባበሩት መንግሥታት እስከ 2027 ድረስ እያንዳንዱን ሰው በቅድመ ማስጠንቀቂያ ለመድረስ የ3.1 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ አቀረበ። ኢትዮጵያ ቅድሚያ ከተሰጣቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ዕቅዱ የተነገረው ግብፅ ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል፤ አንዱ አገር የሚለካውን ለሌላው ካልነገረ የዓባይ ማስጠንቀቂያ ግማሽ ነው።

መስከረም 9 ቀን 2025 ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሱዳን ውስጥ ውኃ ሞላ፤ በጥቅምት መጀመሪያ በዴልታው በወንዙ ዳር ያሉ ዝቅተኛ ማሳዎች ተጥለቀለቁ። የግብፅ የውኃ ሚኒስቴር ኢትዮጵያ ያለ ማስታወቂያ ለቀቀችው ሲል ከሰሰ፤ አዲስ አበባ ክሱን አልተቀበለችም፤ ግድቡ ባይኖር ጎርፉ ይብስ ነበር አለች። ሁለቱም የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ተከራከሩ። አንድ ላይ የሚያነቡት መለኪያ ግን አልነበራቸውም።

ግድቡ የእኛ ነው፤ እኛው በገዛነው ቦንድ ጭምር የተሠራ ነውና ስለ እሱ የሚሰማኝ ኩራት ነው። ኩራቱ ግን የዕለቱን ቁጥር ከማውጣት አያግደንም። ከጉባ የሚለቀቀው ውኃ በሜትር ኩብ በየጠዋቱ ቢታወጅ ሱዳን ውስጥ ሮዝሬስ ያለው የግድብ ተቆጣጣሪ በሩን በጊዜ ይከፍታል፤ ሱዳናዊው ገበሬ ከብቱን ወደ ከፍታ ያወጣል፤ ካይሮም ወቀሳዋን በማስረጃ ታቀርባለች ወይም ትተዋለች። ይህን ለማድረግ መሣሪያው አለ፤ ባለሙያውም አለ። በ2015 የተፈረመው መርህ ግን እስከ ግድቡ ምረቃ ድረስ ዕለታዊ ልውውጥን የሚያስገድድ ውል አልወጣለትም። ዱፑይ ጣናን ከቀየሰ ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ፣ ካይሮ የደጋውን ዝናብ የምታየው አሁንም በሳተላይት ነው።